እስስቷና ዳማዋ በቅሎ

ሚዛን ተፈሪ፣ ወደ ገበያው በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ገና አዲስ የነበረበት፣ ተማሪዎቹ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ ወረቀት ሊያስጠርዙ የሚመጡበት ጊዜ ነው። ሱቁ ውስጥ ሦስት ኮምፒውተሮች ነበሩ። ሁለቱ አዲሶች ናቸው። ሦስተኛው ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ሲከፈት እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም አሮጌ ማሽን ነበር። የሱቁ ሥራ ለዓመታት የተጻፈው በእሱ ላይ ነው፤ ማመልከቻው፣ የፍርድ ቤት አቤቱታው፣ የዕድር መተዳደሪያው፣ የቡና ነጋዴዎች ውል፣ የሠርግ ጥሪው ሁሉ።

እኔ ከመቀጠሬ በፊት የዚህ ማሽን ሃርድ ዲስክ አንድ ጊዜ ተበላሽቶ ነበር አሉ። ከጅማ የመጣ ባለሙያ ሰነዶቹን አወጣቸው፤ የፋይሎቹን ስም ግን ማውጣት አልቻለም። ስለዚህ የብዙ ዓመት ሥራ አንድ ፎልደር ውስጥ ከቁጥር በቀር ስም ሳይኖረው ተከማችቶ ቀረ። የዕድሩ መተዳደሪያ ቁጥር ነው፣ የሠርጉ ጥሪም ቁጥር ነው። ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ደንበኞቹ ወረቀታቸውን አሳትመው ከሄዱ ቆይተዋል።

የሱቁን ባለቤት እትዬ ነበር የምንላቸው። ሥራውን የጀመሩት በታይፕ መኪና ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይም ቢሆን ቁልፉን ሲመቱት ጠረጴዛው ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ የማይታጠፍ ሕግ ነበራቸው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ባሏን የምትከስ ሴት ጠዋት የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ከሰዓት በኋላ ባልየው መልስ ሊያስጽፍ ይቀመጣል። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ «እገሌ ምን አስጻፈ?» ሲላቸው፣ «የጻፈው እጄ ነው፤ እኔ አላነበብኩትም» ይሉ ነበር። ቀልድ አልነበረም። እኛንም አንድ ሰነድ ታትሞ ለባለቤቱ ከተሰጠ በኋላ እንዳንከፍት ይከለክሉን ነበር።

አሮጌውን ማሽን አንድ የቴፒ ሰው ሊገዛው ተስማማ። ቅዳሜ መጥቶ ይወስደዋል ተባለ። እትዬ ከመሄዱ በፊት ፎርማት እንዳደርገው፣ አንዲት ፊደል እንዳላስቀር አዘዙኝ። «በፍላሽም ቢሆን እንዳትገለብጥ» አሉ። «የሰው ጉዳይ ነው። እኔ ስሞት የትም ተበትኖ እንዲገኝ አልፈልግም።»

የዚያው ሳምንት ማክሰኞ አንዲት ሴት ከጎረቤቷ ከተማ ከአማን መጣች። አማን ላይ ጨርቃ ጨርቅ ትሸጣለች፤ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ትበልጣለች። አባቷ ከጅማ አካባቢ በወጣትነታቸው የመጡ የኮረሪማና የጥምዝ ቅመም ነጋዴ ናቸው። ገበያ በማይኖርበት ቀን እየመጡ፣ በበቅሎ ሲነግዱ ያሳለፉትን ዘመን ለእትዬ እየነገሩ ያስጽፉ እንደነበር እኔም ሰምቻለሁ።

«አዎ፣ ሻይ ሳይቀርብላቸው አይጀምሩም ነበር» አሉ እትዬ። «እንዴት ናቸው?»

«አፉ ተይዟል» አለች ልጅቷ። «ቀኝ ጎኑ አይሠራም። ከታመመ ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣውም።»

«ወይኔ! አልሰማሁም እኮ። ጌታ ይማራቸው።»

«አሚን። ያስጨነቀን ግን እሱ አይደለም፣ እትዬ። ይስማን አይስማን አናውቅም። ሐኪሙም እንጃ ነው ያለን። ወንድሜ አይሰማም ይላል፤ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ የሌለ ሰው ይመስል ስለ እሱ ያወራል። ሱቁን እንሽጠው፣ ቤቱን እናከራየው እያለ፣ እዚያው ፊቱ ላይ። እናቴ ደግሞ ሁሉን ነገር ይሰማል ትላለች። እኔ…» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። «የራሱን ቃል ባነብለት አውቃለሁ። ከተሰማው ፊቱ ላይ አየዋለሁ። የጻፋችሁለትን ስጡኝ።»

እትዬ ወደ ጥጉ አዩ። ሽማግሌው ሲያልቅ በአንድ ላይ ይታተምልኛል ብለው አንድም ገጽ አሳትመው አያውቁም ነበር። ያስጻፉት ሁሉ ያለው ጥግ ላይ ባለው ማሽን ውስጥ፣ ስማቸው ከጠፋባቸው ፋይሎች መካከል ነው።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ትችላለህ?»

«ልሞክር» አልኩ።

«የሰው ሰነድ እየከፈትክ ሳታነብ ነው ታዲያ። የእሳቸውን ብቻ። ቅዳሜ ማሽኑ ባዶ ሆኖ ነው ከዚህ የሚወጣው።»

ነገሩ እንዲህ ሆነ። አንድ በአንድ ብከፍት ምናልባት እስከ ቅዳሜ እደርስ ነበር፤ ግን መክፈት ተከልክያለሁ። ሰነዱን ሳላይ ውስጡ ያለውን ቃል የሚያይልኝ ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

መጀመሪያ ማሽኑ ላይ አብሮ የመጣውን መፈለጊያ ሞከርኩ። ፍለጋ ሲጀምር ስክሪኑ ጥግ ላይ አንድ ቡችላ ይወጣል። ያሸታል፣ ጭራውን ይቆላል፣ መጽሐፍ ይገልጣል። ኮረሪማ ብዬ ጻፍኩለት። ቡችላው ከሰዓቱን ሙሉ ሲያሸት ዋለና ምንም የለም አለ። እትዬ ባለፉ ቁጥር «ውሻህ እስካሁን እያሸተተ ነው? አጥንት ስጠው እንጂ» ይሉኝ ነበር።

በማግስቱ ሁለት ፕሮግራሞች ይዤ መጣሁ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከወራት በፊት በፍላሽ የሰጠኝ ናቸው። ሁለቱም ክፍት ምንጭ ከሚባሉት ወገን ናቸው፤ ማለትም በነፃ የሚሰጡ፣ የተሠሩበትም ኮድ ማንም ሰው ከፍቶ እንዲያየው የተተወ። ስማቸው ለአፋችን አይመችም ነበርና በምልክታቸው እንጠራቸው ነበር። አንደኛው አጉሊ መነጽር ነው፤ ሥራው በኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ሰነዶችን በይዘታቸው መፈለግ ነው። ሁለተኛው ኮድ የሚጻፍበት ኤዲተር ነው፤ ምልክቱ አረንጓዴ እስስት ስለሆነ እስስቷ አልናት። በእስስቷ ላይ ድረ ገጽ መሥራት ራሴን አስተምሬባታለሁ። መጽሐፍም መምህርም አልነበረኝም፤ የእርዳታ ገጿን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤያለሁ።

አጉሊ መነጽሩን አሮጌው ማሽን ላይ ጫንኩት። አሠራሩ ከቡችላው ጋር አይገናኝም። ቡችላው በተጠየቀ ቁጥር ቤቱን ሁሉ እንደ አዲስ ይዞራል። አጉሊ መነጽሩ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ እያንዳንዱን ሰነድ ራሱ ከፍቶ ቃላቱን ይለቅምና፣ ከመጽሐፍ ጀርባ እንዳለው ዓይነት ማውጫ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ሲጠየቅ ሰነዶቹን አይነካም፤ ማውጫውን ብቻ ገልጦ ይመልሳል። ማውጫውን ሲሠራ መብራት ሄደብን። እትዬ «በቃ፣ እንደገና ከሀ ልትጀምር ነው» ብለው አዘኑልኝ። መብራት ሲመጣ ግን የጨረሰውን አውቆ ቀሪውን ብቻ ቀጠለ። ይህን ያሰበበትን ሰው አመሰገንኩት። መብራት የሚሄድበት አገር ያለ ሰው ሳይሆን አይቀርም ብዬም አሰብኩ።

ማውጫው ሲያልቅ ኮረሪማ ብዬ ጻፍኩ። ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሳ መለሰ። ያገኘው ግን እኔ ራሴ በቅርቡ በአዲሱ የአማርኛ መጻፊያ የጻፍኳቸውን ጥቂት ሰነዶች ብቻ ነው። ቡና ብዬ ሞከርኩ። ያው ነው። ሚዛን ውስጥ በተጻፈ የብዙ ዓመት ወረቀት ውስጥ ቡና የሚል ቃል አይኖርም ማለት ማንም የማያምነው ነገር ነው። ስለዚህ ሰነዶቹ ውስጥ የለም የሚለውን መልስ አልተቀበልኩትም። አጉሊ መነጽሩ የሚያየው ነገር እኛ ከምናየው ሌላ መሆን አለበት።

የትኛውን ሰነድ ከፍቼ ልይ? የሰው መክፈት አልችልም። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እዚህ ከመቀጠሬ በፊት የሥራ ማመልከቻዬን ያስጻፍኩት በዚሁ ማሽን ነበር፤ በፍላሽም ወስጄው ስለነበር ቤት አለኝ። ሄጄ አመጣሁትና በእስስቷ ከፈትኩት።

እስስቷን የምወድበት ምክንያት ይህ ነው። የቢሮ መጻፊያው ፕሮግራም ሰነድን አሳምሮ ነው የሚያቀርበው፤ ኅዳጉን አስተካክሎ፣ ፊደሉን አድምቆ። እስስቷ አታሳምርም። ፋይሉ ውስጥ በእርግጥ የተቀመጠውን ምልክት ከነመስመር ቁጥሩ ታወጣዋለች፣ ያምርም አያምርም። የእኔ ማመልከቻ ውስጥ አንድም የአማርኛ ፊደል አልነበረም። የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቅንፎች፣ የሳንቲም ምልክት፣ ጭራ ያላቸው፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሆሄያት። «በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» ያልኩበት መስመር ድመት ኪቦርድ ላይ የተራመደችበት ይመስል ነበር።

የድሮው የአማርኛ መጻፊያ እንዲህ ነበር የሚሠራው። ኮምፒውተሩ የእኛን ፊደል አያውቅም ነበርና፣ በእንግሊዝኛው ፊደልና በምልክቶች ላይ የአማርኛ ሥዕል ያለብሳቸዋል። ፎንቱ ሲኖር አማርኛ እናያለን፤ ሥሩ ግን ሌላ ነው። በዚያን ዘመን የጻፈ ሁሉ ሰነዱ አማርኛ ይመስለው ነበር፤ እኔም እትዬም ሽማግሌውም። ቡችላውም አጉሊ መነጽሩም ያላዩት ሥዕሉን ነው። እኛ ያላየነው ሥሩን ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ግልጽ መሰለኝ። በድሮው መጻፊያ ኮረሪማ ብዬ ጻፍኩና ወደ እስስቷ ገለበጥኩት። አንድ የሳንቲም ምልክት፣ ሁለት ቅንፎች፣ አንድ ትልቅ ቲ ሆነ። ያንን ወስጄ ለአጉሊ መነጽሩ ሰጠሁት። የማሽኑን ፋይል ከሞላ ጎደል ሁሉንም አመጣልኝ።

ምን እንደሆነ ለመረዳት የሄድኩበትን መንገድ እስከ ዛሬ በደስታ ነው የማስታውሰው። የአጉሊ መነጽሩ ምንጭ ኮድ በሌላ ፎልደር ታሽጎ አብሮት ነበር። ፈታሁትና በእስስቷ ከፈትኩት። እስስቷ የፕሮግራሙን ቋንቋ ስለምታውቅ ትእዛዙን በአንድ ቀለም፣ ማብራሪያውን በሌላ ቀለም ለይታ አቀረበችልኝ። ሐሙስ ጠዋትን በሙሉ ሳነበው አረፈድኩ። ሁሉም አልገባኝም፤ ግን አንድ ቦታ ላይ፣ ምን ፊደል እንደሆነና ምን እንዳልሆነ የሚወሰንበትን መስመር አገኘሁት። ፊደል ካልሆነ ይጣላል። ሳንቲሙ ይጣላል፣ ቅንፎቹ ይጣላሉ፤ ከኮረሪማዬ የሚተርፈው አንድ ትልቅ ቲ ብቻ ነው። ቲ ደግሞ የሌለበት ሰነድ የለም። ከመስመሩ በላይ ኮዱን የጻፈው ሰው ይህ አከፋፈል ለሁሉም ቋንቋ እንደማይስማማ የሚናገር አጭር ማስታወሻ ትቶ ነበር። የማላውቀው፣ አገሩን እንኳ የማላውቀው ሰው፣ ሥራው የት ላይ እንደሚያጥር ራሱ አውቆ ጽፎልኛል። ተዘግቶ የተሸጠ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ «የለም» ብሎኝ እቀር ነበር። ይህ ግን ለምን እንዳላገኘ በሩን ከፍቶ አሳየኝ።

ስለዚህ ሥራው ወደ እስስቷ መጣ። እሷም በፋይሎች ውስጥ የምትፈልግበት መንገድ አላት፤ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። ማውጫ አትሠራም። ፊደል የቱ ነው፣ ቃል የት ይጀምራል ብላ አስቀድማ አትወስንም። የሰጧትን ምልክት እንዳለ ይዛ እያንዳንዱን ፋይል ከላይ እስከ ታች ትበጥራለች። ፍጥነቷ ከአጉሊ መነጽሩ ጋር አይወዳደርም፤ አሮጌው ማሽን ላይማ እንደ ሽማግሌ ነው የምትሄደው። ግን የምትጥለው ነገር የለም። አጉሊ መነጽሩ የሚፈጥነው ከመጠየቁ በፊት ስለ ቃል ያለውን ሐሳብ ስለጨረሰ ነው፤ እሷ የምትዘገየው ምንም ሐሳብ ስለሌላት ነው። የሚታወቅ ቋንቋ በትክክል ተጽፎ ከተቀመጠ የፊተኛውን የሚያህል የለም። የእኛን የመሰለ ጭምብል ያጠለቀ ጽሑፍ ሲሆን ግን የሚያዋጣው የኋለኛው ነው። አንዱን ከሌላው አላስበልጥም። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ሁለቱንም ጫን እለዋለሁ።

ሳንቲሙን፣ ቅንፎቹንና ቲውን ሰጠኋት። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ከታች ያገኘችውን ደርድራ ነበር። ኮረሪማ! በትክክል ኮረሪማ ነው፤ ግን ብዛቱ! የከተማው ነጋዴ ሁሉ ፈቃድ ሲያወጣ፣ ሲከራከር፣ ሲዋዋል ኮረሪማ ይላል። ጥምዝ ብዬ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ማጂ አልኩ፤ ማጂ የደረሰ ሁሉ ጽፎታል።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ መጣች። እትዬ ወንበር ሰጧት። ማሽኑ ሲያጉረመርም አየችና «ይሄ ነው አባቴን የያዘው?» አለች።

«ይሄ ነው፤ የሚለቅ አይመስልም» አሉ እትዬ።

«እህቴ፣ አባትሽ ሲያወሩ ሌላ ሰው የማይለው፣ እሳቸው ብቻ የሚሉት ቃል ይኖራል?» አልኳት። «የቦታ ስም አይሆንም፤ የሸቀጥም አይሆንም።»

አሰበች። «ዱአ ያደርጋል። ወላሂ ይላል። ግን ይሄን ማን የማይለው አለ?»

«እትዬ ዱአውንም መሐላውንም አልጻፉት ይሆናል» አልኩ ዝቅ ብዬ።

«ሰምቻለሁ» አሉ እትዬ ከፎቶ ኮፒው በስተጀርባ። «አልጻፍኩትም። ወረቀት ላይ አይምልም ሰው።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ ድንገት እጇን ጉልበቷ ላይ መታች። «ዳማ! ዳማዬ ነው የሚለው! በቅሎው ናት። ዳማዬ እንዲህ ሆነች፣ ዳማዬ እንዲህ አሰበች፣ ዳማዬ ወንዙን እምቢ አለች። እናቴ እኮ በቅሎዋ ከሞተች ከስንት ዘመን በኋላ ነው የምትቀናባት። ‹እኔን ሲያገባ ያን ያህል አላወራም› ትላለች።»

ዳማ በድሮው መጻፊያ ስትጻፍ ከሥሯ ጭራ ያለው ትልቅ ሲና አንድ ትልቅ ቲ ናት። ሰጠኋት። ዳማዬም ትሁን ለዳማ ወይም ዳማን፣ እስስቷ ቃል አትቆርጥምና ሁሉም ውስጥ ታገኛታለች። ልጅቷ እጇን አጣምራ ስክሪኑን ታያለች፤ ፋይል በፋይል ያልፋል፣ ከታች ምንም አይታይም። ብዙ አለፈ። ቃሉን ተሳስቼ እንደሆነ ደግሜ ላየው ስል አንድ መስመር ወጣ። ከዚያ ከሥሩ ሌላ፤ ከዚያ ከአንድ ፋይል ውስጥ ብቻ ተከታትለው ብዙ መስመሮች።

«ምን ይላል? ምን ይላል?» አለች። ማንበብ አትችልም፤ እኔም አልችልም። ቅንፍና ባርኔጣ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነው የእትዬ ሕግ ሳይጣስ መቆየቱን ያስተዋልኩት። ሁለት ቀን ሙሉ የከተማውን ወረቀት ሁሉ ስበጥር፣ የማንንም ጉዳይ አንድ ቃል አላነበብኩም።

የፋይሎቹ ቁጥሮች ከአሥር አይበልጡም ነበር። ለእትዬ ጻፍኩላቸውና ከማሽኑ ፊት ተነሣሁ፤ የጻፏቸው እሳቸው ስለሆኑ እንዲከፍቱ ነው። መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ከፈቱ፣ ወዲያው ዘጉት። «ይሄ የጠፋች በቅሎ ማስታወቂያ ነው። የሌላ ሰው ነው።» ሁለተኛውን ከፈቱ። ጥቂት መስመር አነበቡ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው «ነይ፣ አባትሽ እዚህ አሉ» አሏት።

ያገኘነውን አርብ ጠዋት አተምነው። ጎድሎ ነበር፤ መሐል ላይ የሚጀምር ክፍል አለ፣ ዲስኩ ሲበላሽ የተበላ ገጽም አለ። ፋይሎቹን ከማጥፋቴ በፊት እትዬ የእሳቸውን ብቻ በፍላሽ እንድገለብጥና ፍላሹን ለልጅቷ እንድሰጥ ፈቀዱ። እሷ ግን «አንተም ና» አለችኝ። «ፊቱ ላይ ምንም ካላየሁ፣ ወረቀቱ ተበላሽቶ ይሁን ወይስ እሱ ሳይሰማ ቀርቶ እንዴት አውቃለሁ?» በባጃጅ አብረን ወደ አማን ሄድን።

ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ ባለ አልጋ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወደ ጓሮው ነው። በአንድ በኩል አፋቸው ወርዷል። ወንድሟ በር ላይ ቆሞ ነበር። «አሁን ደግሞ ምን አመጣሽ? አታድክሚው» አላት። «ለግድግዳ ነው የምታነቢው።»

«ግድግዳ ከሆነ አይደክመውም» አለችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

ማንበብ ጀመረች። ከጅማ እንዴት እንደወጡ፣ የመጀመሪያውን ኮረሪማ ከየት እንደጫኑ። ሽማግሌው ጓሮውን እያዩ ነበር። ዓይናቸው አልተንቀሳቀሰም። የዳማ ስም ሲነሳ ድምፅዋን ከፍ አደረገችና ቀና ብላ አየቻቸው፤ ምንም የለም። ገጹን ገለበጠች። ሌላ ገጽ። ወንድሟ ትንፋሹን በረጅሙ አወጣ፤ እናትየው ከጓዳ መጥተው ከልጃቸው ኋላ ቆሙ። የልጅቷ ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። እኔ የገጾቹን ቅደም ተከተል ተሳስቼ ደርድሬው ይሆን እያልኩ ጫማዬን አያለሁ።

ከዚያ አንድ ቦታ ደረሰች። ወደ ማጂ ሲወጡ አንድ ሰው ቤት አድረው፣ ጨለማ ሳይገፈፍ ተነሥተው ጭነታቸውን ይጭናሉ። መንገዱን ይዘው እየሄዱ ስለ ንግዳቸው ለበቅሎዋ ይነግሯታል፤ ዝም ትላለች። ረፋዱ ላይ በቅሎዋ ድንገት ቆመች፣ ዞረች፣ ጭነቱን እንደያዘች ወደ መጣችበት መመለስ ጀመረች። ልጅቷ እዚህ ላይ ነበረች። በጨለማ ተሳስተው የጫኗት የቤቱ ባለቤት በቅሎ መሆኗ ገና አልተነበበም። ዳማ እዚያው ግቢ ታስራ መቅረቷ ገና ነው። የሽማግሌው ትከሻ ግን ተንቀጠቀጠ።

መጀመሪያ ያማቸው መሰለኝ። ግራ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ከደረታቸው እንደ ሳል ያለ ድምፅ ይወጣል። ዓይናቸው ከጓሮው ተነሥቶ ልጃቸው ላይ አርፏል፣ በእንባ ተሞልቷል።

«እየሳቀ ነው» አሉ እናትየው። «ያ አላህ፣ እየሳቀ ነው! ገና ሳትደርስበት እኮ ነው የሚስቀው!»

ወንድሟ ከበሩ ተንቀሳቅሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።  እጁን የአባቱ እግር ላይ አደረገና ቀና ብሎ አላያቸውም።

ልጅቷ ማንበብ አልቻለችም። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ስታስቀምጠው ሽማግሌው የሚሠራ እጃቸውን አንሥተው ወደ ወረቀቱ ጠቆሙ፤ ቀጥዪ ነው። አልቻለችም። ለእኔ ሰጠችኝ።

ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ቀጠልኩ። በቅሎዋ ፊት ፊት፣ ነጋዴው ከኋላ እየለመናት፣ ያደሩበት ግቢ ይደርሳሉ። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ያያቸዋል፤ ዳማ ከኋላው ሣር ትበላለች። ምን እንደሚላቸው የተጻፈበት መስመር ላይ ስደርስ እጃቸውን እንደገና አነሡ። አስቆሙኝ መስሎኝ ዝም አልኩ። እጃቸው ግን መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ ከፍ፣ ከፍ ይል ነበር።

«አልሰማህም?» አሉ እናትየው። «ጮክ በል ነው የሚልህ። እንዲህ በሹክሹክታ አይነገርም ይሄ።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ በሕይወቴ ሰው ፊት እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም፣ የግቢው ባለቤት ያለውን አነበብኩ፦ «መጣህ? ምሳ ደርሷል፣ ግባ።»